በሁለት በግ የወጣ ተዝካር

አይከል፣ ኅዳር 6 ቀን 1948 ዓ.ም.

ለአያ ፋንታሁን፣ ጎንደር ከተማ።

ያለህበት ቤት ሰላም ይሁን፤ የምታመሽበትም የምታነጋበትም ደህና ይሁን። እኔ በሕይወት አለሁ፣ ከብቶቼም አሉ። ይህን የሚጽፍልኝ በገበያ ቀን ከዋርካው ሥር ተቀምጦ ደብዳቤ የሚጽፈው አቶ ዋኘው ነው። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል፤ አልፎ አልፎም ይቆጣል።

እናቴና እናትህ የአጎትና የአክስት ልጆች ናቸው እንጂ እኔና አንተ ከአንድ ማዕድ አላደግንም። ያየሁህ ሁለት ጊዜ ነው፣ በሠርጌና በባሌ በሰጠኝ ቀብር። ቢሆንም ከእናቴ ወገን ፊደል ቆጥሮ ከተማ የገባ ካንተ በቀር ስለሌለ ላንተው ልናገር።

ሰጠኝ ከሞተ የካቲት 11 ቀን አንድ ዓመት ይሞላዋል። ታላቅ ወንድሙ አያ ጎሹ ባለፈው እሑድ ዘመዶቹን አስከትሎ መጣና ተዝካሩ እንዴት እንደሚወጣ ነገረኝ። ልብ በል፣ አልጠየቀኝም፤ ነገረኝ። ሁለቱ በሬዎች ይታረዱ አለ። ካለኝ ጥማድ ሌላ በሬ የለኝም። "ታዲያ በምን ላርስ ነው?" ስለው "እኔ በበሬዎቼ አርስልሻለሁ፣ ከምርቱ ትበያለሽ" አለኝ። ማሳው ከአባቴ የደረሰኝ ርስት ነው። ልጅ አልወለድንም። አያ ጎሹ አንዴ ሞፈሩን ካስገባ እንደማያወጣው አይከል ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እሱም ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ።

የምለምንህ የአንድ በሬ ዋጋ እንድትልክልኝ ነው። ሌላ ገዝቼ አርዳለሁ። ጥማዶቼን ግን ቢሰቅሉኝም አልሰጥም። ዋኘው ይቺን ነገር "ለታላቅ ሰው እንዲህ አይጻፍም" ብሎ ሊዘልላት ነበር፤ አትዝለል ብዬዋለሁ።

መልስህን ከጎንደር ለሚመላለሰው ነጋዴ ለእንኳየሁ ስጠው። ጌታ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ።

እኅትህ ወርቅአፈራሁ


ጎንደር፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1948 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለወርቅአፈራሁ።

የመልአኩ የገብርኤል ጥበቃ ከደጅሽ አይራቅ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አልፏል። የዘገየሁት ልመልስልሽ ጠልቼ ሳይሆን የምልክልሽ ስለሌለኝ ነው። የበሬ ዋጋ ቀርቶ የበግም በእጄ የለም። እኔ ያለሁት በአንድ ፈረንጅ ሐኪም ዘንድ ነው፤ ሥራዬ የጽሕፈት ሥራ ነው፣ መልእክት መቀበልና መዝገብ መያዝ። ሰው ከጠየቀሽ እንደዚሁ በይልኝ።

ሆኖም አንድ ነገር አስቤልሻለሁ፤ ሳትስቂ አንብቢው። እነዚህ ሰዎች ሐምበርገር የሚሉት ምግብ አላቸው። ሥጋውን አድቅቀው ፈጭተው እንደ ትንሽ ቂጣ ይጠፈጥፉትና በብረት ምጣድ ጠብሰው ለሁለት በተከፈለ ዳቦ መሐል ያደርጉታል። የሐኪሙ ሚስት ልጆቿ አትክልት አንበላም ስለሚሏት ካሮት፣ ጥቅል ጎመንና ሽንኩርት በደቃቁ ከትፋ ከሥጋው ጋር ታስለውሰዋለች። ልጆቹ ሥጋ የበሉ መስሏቸው ጎመኑን ይጨርሱታል። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ለሦስት ሰው የማይበቃ ሥጋ ስምንት ሰው ያጠግባል። ጣዕሙም ሸጋ ነው።

በሬዎችሽ ይቅሩ። ሁለት በግ እንዳለሽ ባትጽፊልኝም እዚያ አገር በግ የሌለው የለም። በሁለት በግ መቶ ሃያ ሰው ማብላት ይቻላል። አሁን የገና ጾም ስለሆነ መሞከር አትችዪም፤ ከገና በኋላ ጥቂት ሥጋ አግኝተሽ ሞክሪው። ሥጋውን በሁለት ቢላ ደጋግመሽ ክተፊ፣ አትክልቱን ጨምሪ፣ ጠፍጥፊና ጥበሺ። እኔ በማድ ቤቱ በር ሳልፍ ያየሁትን ነው የነገርኩሽ፤ ከዚህ በላይ አላውቅም።

ወንድምሽ ፋንታሁን


አይከል፣ ጥር 6 ቀን 1948 ዓ.ም.

ለአያ ፋንታሁን።

በዓሉን በጤና እንደዋልክ ተስፋ አለኝ። እኔስ በእሳት ዳር ስናደድ ዋልኩ።

እንዳልከኝ የገና ማግስት ከአንድ በግ ጭን ቆርጬ ሞከርኩት። ካሮት የሚባለውን እዚህ የሚያውቀው ስለሌለ ዱባ አደረግሁበት። ጎመኑን አጥቤ ከተፍኩ። ሥጋ ያለ ቅቤ ምን ይሆናል ብዬ አንድ ጭልፋ ንጥር ቅቤ ጨመርኩና ምጣዱ ላይ አሳረፍኩት። ወዲያው ተበተነ። ብገለብጠው ባሰበት። ውሃውን ሲለቅማ እያየሁት ወጥ ሆነ። ጎረቤቴ አስናቀች ቁማ ታይ ነበር፤ "ለተዝካሩ ማንኪያ ታድያለሽ ማለት ነው" አለችኝ። በእንጀራ በላነው፤ ሌላ ምን ይደረጋል።

አስናቀች ደግሞ አፏ አያርፍም። ወሬው አያ ጎሹ ዘንድ ደረሰ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ቆሞ "ወንድሜን በጎመን ልትሸኘው ነው" ሲል ብዙ ሰው ሰምቶታል። ምነው እኔን ጠርቶ ቢነግረኝ? ሰጠኝ ሲታመም ስድስት ወር አንድ ቀን ደጃችንን አልረገጠም፤ ለሬሳው ክብር አሁን ነው የተቆረቆረው። በዚህ የተናደድኩትን ያህል በባሌ ሞት አልተናደድኩም፤ በሞቱማ አለቀስኩ።

ስለዚህ ስማኝ። ገንዘቡን ተወው፣ ከእንግዲህ አልጠይቅህም። አሠራሩን አርመህ ጻፍልኝ። ሳትሸፋፍን ጻፍልኝ። በበር ሲያልፍ ያየ ሰው ሽንኩርቱ በደቃቁ መከተፉን አያይም፤ ሥጋው ስንት ሰው እንደሚያጠግብም አይቆጥርም። ይህን ያልኩት ላስቀይምህ አይደለም።

አምላክ እጅህን ይባርክ።

ወርቅአፈራሁ


ጎንደር፣ ጥር 17 ቀን 1948 ዓ.ም.

እታለም ወርቅአፈራሁ፣ ቤትሽ በረከት አይለየው።

ቅቤ አግቢ ያለሽ ማነው? ዱባስ? ዱባ ውሃ ነው፣ ቅቤም ሲሞቅ ይቀልጣል፤ ሁለቱን አንድ ላይ አድርገሽ ደግሞ ለምን ተበተነ ትያለሽ። አሁን የምጽፍልሽን ዋኘው ሁለት ጊዜ ያንብብልሽ።

ካሮትና ጥቅል ጎመን ከቀሐ ወንዝ ዳር አትክልተኞች ገዝቼ በእንኳየሁ በቅሎ አንድ ጆንያ ልኬልሻለሁ። ካሮቱን ፍቀሽ በሚስማር በተበሳሳ ቆርቆሮ ላይ ፈግፍጊው። ጎመኑን በደቃቁ ክተፊ። ሁለቱንም ጨው ነስንሰሽ ጥቂት አቆዪያቸው፤ ውሃቸውን ያወጣሉ። ያን ጊዜ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥረሽ ጨምቂ። ክንድሽ እስኪዝል ጨምቂ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሽንኩርቱን ለብቻው በጥቂት ዘይት አብስለሽ አቀዝቅዢው፤ ጥሬውን ካስገባሽው ይሰነጥቀዋል። ሁለት እጅ ሥጋ ካለ አንድ እጅ ተኩል አትክልት ይሸከማል፤ ከዚያ ካለፈ አይያያዝም። እንዲያያዝ እንቁላል ምቺበት። ፈረንጆቹ የደረቀ ዳቦ ፈርፍረው ይጨምራሉ፤ አንቺ ድርቆሽ ወቅጠሽ ጨምሪ፣ እንዲያውም ከነሱ ይሻላል። ቁንዶ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ይበቃዋል።

እጅሽን ውሃ ነክረሽ ድቡልቡሉን በመዳፍሽ ጠፍጥፊው፤ መሐሉን በአውራ ጣትሽ ጫን አድርጊው፣ አለዚያ ሲበስል ያብጣል። ምጣዱ በደንብ ሳይግል አታሳርፊው። ካሳረፍሽው በኋላ ደግሞ አትነካኪው። ታች ያለው ራሱ ሲለቅ ነው የሚገለበጠው። እኔም መጀመሪያ ስሠራ ትዕግሥት አጥቼ ሁሉንም በታትኜ

ይህን መስመር ሰርዤዋለሁ፤ ወጥ ቤቱ ሲሠራ ለማለት ነው።

ይህን ከማን እንደተማርሽ ለማንም አትንገሪ። በተዝካሩም ላይ አልገኝም፣ ከሥራ አይለቁኝም። በጸሎት ከአንቺ ጋር ነኝ።

ፋንታሁን


አይከል፣ ጥር 27 ቀን 1948 ዓ.ም.

አያ ፋንታሁን፣ ጌታ ዕድሜህን ያርዝመው፤ ያዘልኝ።

እንደ ጻፍከው አደረግሁ። ጎመኑን የጨመቅሁበት ነጠላ ተቀደደ፤ ይቀደድ። ምጣዱ ላይ ሳሳርፈው እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ቆምኩ፣ እንዳልነካው። ሲገለበጥ እንደ ድፎ ዳቦ ጀርባ ቀላ። አስናቀች አራት በላችና አምስተኛውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወሰደች።

ከዚያ ሁለቱን በዳቦ አድርጌ ለመሪጌታ ወልደኢየሱስ ወሰድኩላቸው። አንዱን በሉ፣ ሁለተኛውን በሉ፣ እጃቸውን ታጠቡ። "አባቴ፣ ይህ ለተዝካር ይሆናል ወይስ አይሆንም?" አልኳቸው። "ለነፍሱ የሚደርሰው ጸሎቱና የድኻው መጥገብ ነው፤ ቀንድ ተቆጥሮ አያውቅም" አሉኝ። ይህን ቃላቸውን ለሰማም ላልሰማም እናገራለሁ።

አያ ጎሹ ግን አልተኛም። አሁን ደግሞ ሥጋው ከጎንደር ከፈረንጅ ቤት ተፈጭቶ የመጣ ነው፣ በማን እጅ እንደታረደ አይታወቅም እያለ ነው። አየህ ተንኮሉን? ሰው የተፈጨ ሥጋ አይቶ አያውቅም፤ ብልቱ ካልታየ፣ አጥንቱ ካልታየ፣ ምን እንደበላ እንዴት ይመን? ይህ እውነቱን ነው። ስለዚህ ሁለቱን በጎች ከዳሱ ፊት ለፊት በካህናቱ ዓይን ሥር አሳርዳለሁ፤ እዚያው በሰው ፊት ይከተፋል፣ እዚያው ይጠበሳል። የማፍርበት ነገር የለኝም። የሚያፍር ካለ እሱ ይፈር።

ችግሬ እጅ ነው። ሁለት በግ በሁለት ቢላ ከትፌ ለመቶ ሃያ ሰው አላደርስም። እዚህ የሚያውቀው የለም።

እንግዲህ ልናገረው። ታየች የምትባል የሰፈራችን ሴት ልጇን ለማሳከም ጎንደር ወርዳ ነበር። በሐኪሙ ግቢ በኩል ስታልፍ ነጭ ሽርጥ ታጥቀህ ካሮት ስትፍቅ አይታሃለች። ለኔ ብቻ ነው የነገረችኝ፤ እኔም አፏን አስይዣታለሁ። ዋኘው ይህን ሲጽፍ እየሳቀ ነው፤ ተው ብዬዋለሁ፣ እሱም ተወ።

አላፈርኩብህም። መዝገብ ከሚይዝ ሰው ለኔ የሚጠቅመኝ ሰው የሚያጠግብ ነው። ና።

ወርቅአፈራሁ


ጎንደር፣ የካቲት 3 ቀን 1948 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ወርቅአፈራሁ።

እናቴ ከእንፍራንዝ ወደ ቅኔ ቤት ስትልከኝ ካህን ሆኜ እንድመለስ ነበር። እሷ እስካሁን ጸሐፊ ነው እያለች ነው የምትኖረው። አንቺ ይህን በገበያ መሐል ለዋኘው ተናግረሽ አስጻፍሽው።

አልመጣም። ይህን ደብዳቤ አቃጥዪው፣ ያለፉትንም ሁሉ።

ፋንታሁን


ጎንደር፣ የካቲት 15 ቀን 1948 ዓ.ም.

እታለም፣ ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ለሰጠኝም ነፍስ ዕረፍት ይሁን።

ያን መጥፎ ደብዳቤ ለእንኳየሁ ከሰጠሁ በኋላ ሦስት ቀን እንቅልፍ አልነበረኝም። ቅዳሜ ጠዋት ለሐኪሙ ሚስት ምን ላደርግ እንደምሄድ ነገርኳት። የሥጋ መፍጫውን ራሷ ከጠረጴዛው ፈትታ በጨርቅ ጠቅልላ በቦርሳዬ አደረገችልኝ። በጭነት ማኪና ላይ ተቀምጬ እስክደርስ ድረስ እመለስ ወይስ አልመለስ እያልኩ ነበር።

በተዝካሩ ዕለት አንቺ በጓዳ በኩል ዳቦ ስታወጪ ስለነበር በዳሱ በር የሆነውን አላየሽም። ከማኪናው ወርጄ ስመጣ ጎሹ ከሽማግሌዎቹ ጋር ቁሞ ነበር። "ይኼ ጎንደር ጸሐፊ የሆነው አይደለም?" አለ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። እዚያው ቆሜ ሽርጤን ከቦርሳው አወጣሁና ታጠቅሁ። ቋጠሮው ሁለቴ አመለጠኝ። "ጸሐፊ አይደለሁም፣ ወጥ ቤት ነኝ። ዛሬ ከኔ እጅ ትበላለህ፤ ካልፈለግህም ዳሱ በር አለው" አልኩት። ሳቁ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ የእናቴን ስም ጠርተው የሷ ልጅ እንዲህ ሆነ ሲሉም ሰማሁ። ያም ሆኖ ወደ ምጣዱ አለፍኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አብረን አይተናል። ሥጋው በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ሲወጣ ለማየት ካህናቱ ሳይቀሩ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ከበቡኝ። ጎሹ አጥንቱ የታለ ሲል ድስቱን ከፍቼ አሳየሁት፤ እየተቀቀለ ነበር። ያልነገርኩሽ አንድ ነገር አለ። ጥርስ የሌላቸው አሮጊቶች ከዳሱ ጥግ ተቀምጠው እየበሉ ሳለ አንዷ ጠራችኝና ሥጋ ካኘከች አሥራ አንድ ዓመቷ እንደሆነ ነገረችኝ። ከሌሎቹ መሐል ሁለቱ አለቀሱ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስሠራ ምግቤን በልቶ ያለቀሰ ሰው አላየሁም።

ለእናቴ እንፍራንዝ ጽፌያለሁ። ሥራዬን በስሙ ጠርቼ ነገርኳት። እስካሁን አልመለሰችልኝም።

በሬዎችሽ ደህና ናቸው?

ወንድምሽ ፋንታሁን


አይከል፣ መጋቢት 21 ቀን 1948 ዓ.ም.

ለአያ ፋንታሁን፣ የሐኪሙ ወጥ ቤት።

ጾሙን አምላክ ያስፈጽምህ። ማዕረግህን ከላይ የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው፤ ከእንግዲህ ማንም በሹክሹክታ አይናገረውም። እናትህ ዝም ብላ አትቀርም፤ ጊዜ ስጣት።

አንተ ከሄድክ በኋላ የሆነውን ልንገርህ። አያ ጎሹ በሳምንቱ ሽማግሌ ይዞ መጣ። ተዝካሩ አልወጣም፣ እንደገና በበሬ ይውጣ አለ። መሪጌታ ወልደኢየሱስን አስጠራኋቸው። "እኔ ጸልዬበታለሁ፣ በልቼበታለሁም፤ አልወጣም የምትል ከሆነ እኔን ነው ሐሰተኛ ያልከኝ" አሉት። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ሄዱ።

ይኼኔ ሌላ ነገር ያዘ። "ለወርቅአፈራሁ የሚያርስ ሰው ከኔ ጋር ጠበኛ ነው" ብሎ በየቤቱ አስነገረ። እስካሁን በጥማዴ የሚያርስልኝ ገበሬ ሳይነግረኝ ቀረ። ሌላ ለመንኩ፣ እምቢ አለ። ሦስተኛው ደጁን ሳይከፍት በውስጥ ሆኖ ታምሜያለሁ አለኝ። የእርሻው ጊዜ እያለፈ ነው፤ በሬዎቹ ቆመው ጭድ ይበላሉ። አያ ጎሹም መልእክት ላከ፤ በበሬዎቼ ልምጣ ወይ ብሎ። ያን ቀን በእውነቱ ልቤ ወደቀ። ያተረፍኳቸው በሬዎች ለምንም ሳይሆኑ መሬቴ ሊሄድ ነው ብዬ እጄን አገጬ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ከዚያ አንተ ትዝ አልከኝ። ሽርጡን ስትታጠቅ እኮ ከጓዳው ቀዳዳ አይቼሃለሁ፤ አላየሽም ያልከኝ ተሳስተህ ነው። ቋጠሮው ሲያመልጥህም አይቻለሁ።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ቀንበሩን ተሸክሜ ወጣሁ። ጠመድኳቸው። ዕርፉን ያዝኩ። ሴት ካረሰች ዝናም ይቀራል ብለው አስናቀችና ሌሎች ሴቶች ከማሳው ዳር ቆመው ጮኹ፤ ከቀረም ይቅር አልኳቸው። የመጀመሪያው ትልም የእባብ መንገድ ሆነ። ሁለተኛው ላይ ማረሻው ድንጋይ ነክሶ ጥሎኝ ጉልበቴ ደማ። አያ ጎሹ ከወሰኑ ማዶ ቆሞ ነበር፤ እስከ ረፋድ ቆመ። እኔ ዞር ብዬ አላየሁትም፤ ታየች ናት የነገረችኝ። አሥረኛው ትልም ላይ በሬዎቹ ድምፄን ለመዱት። ሐሙስ ጨረስኩ። ዓርብ ዕለት ያ ታምሜያለሁ ያለኝ ሰውዬ ቀንበሩን ላስተካክልልሽ ብሎ መጣ፤ ተስተካክሏል አልኩት።

መዳፌ ስለቆሰለ በዚህ ወር አትክልት አልከትፍም፤ ደግሞም ጾም ነው።

አንድ ነገር ልለምንህ። በደብዳቤህ ሽፋን ላይ ሁልጊዜ "ለሟች ለአቶ ሰጠኝ ባለቤት" ብለህ ነው የምትጽፈው፤ እንኳየሁም እሱን እያነበበ ያመጣልኛል። ሰጠኝን እወደው ነበር፣ ነፍሱን ይማር። ካሁን ወዲያ ግን "ለገበሬ ወርቅአፈራሁ፣ አይከል" ብለህ ጻፍ። ይደርሰኛል።